የባህር ማዶው ፊልም

ታላቅየው ወንድሙን መጥላት አይችልም ነበር፤ ወንድሙ ነዋ። ስለዚህ የወንድሙን ፊልም ጠላ።

አባታቸው ሲሞት ፎቶ ቤቱ ለእናታቸው ቀረ። እናትየው ባንኮኒው ጀርባ፣ ታላቅየው ካሜራው ጀርባ ሆነው ሲኖሩ ታናሹ ከባህር ማዶ ተመለሰ። ሻንጣው ሲከፈት ከሸሚዝ ይልቅ የፊልም ጥቅል ይበዛበት ነበር። ይህን ፊልም የሚሠራው እዚህ የሚሸጠውን የሚሠራው ያው ፋብሪካ ነው፤ ካርቶኑም ያው ነው፤ ጽሑፉ በዚያኛው አገር ቋንቋ ከመሆኑና ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ከመለየቱ በቀር። ግን በዚያኛው ነጭ ሸሚዝ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ በዚህኛው ትንሽ ቢጫ ይነካካዋል። ታናሹ ያነሳው ሰው ሁሉ ገና ፊቱን ታጥቦ የመጣ ይመስል ነበር።

ሰፈሩም ይህን ለማየት ጊዜ አልፈጀበትም። ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ “የባህር ማዶው አለ?” ማለት ጀመረ። አንዲት እናትማ ልጇን አቅፋ፣ ታላቅየው ካሜራውን አዘጋጅቶ እያያት፣ “አይ ግድ የለም፣ እሱ እስኪመጣ እንጠብቃለን” አለችው። የዚያን ዕለት ምሳ አልበላ አለው። ምን እናድበሰብሳለን፣ ቀና። እንቅልፍ እስኪያጣ ቀና።

“እሱ ምን ያደረገው ነገር አለ? ፊልሙ ነው እንጂ!” ይላል ላገኘው ሁሉ። “ጥሩ ጥሩውን ለራሳቸው ገበያ ያስቀሩና ለእኛ ጥራጊውን ይልኩልናል። እስቲ በእኛው ያንሳ! ሰዉን ሁሉ የወባ በሽተኛ ነው የሚያስመስለው።”

“የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ” አለችው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ። ከእሷ ጋር ለሳምንት ተኳረፈ።

እናትየው ግን ሰለቻት። “ለአንድ ካሜራ ሁለት ሰው አልችልም” አለች። “ሁለታችሁም ልብስ ሰፊዋን አንሷት። ፎቶው የበለጠልኝ ካሜራው ጋ ይቆማል፤ ሌላው ጨለማ ክፍል ገብቶ ያጥባል። ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ መስማት አልፈልግም።” ልብስ ሰፊዋ የተመረጠችው በሰፈሩ የራሷን ፎቶ ወዳ የማታውቅ እሷ ብቻ ስለሆነች ነው።

“ጋሼ” አለ ታናሹ፣ “ፊልሙ ነው ካልክ እንቀያየር። አንተ በእኔ አንሳ፣ እኔ በዚህኛው አነሳለሁ።” ጥቅሉንም ጠረጴዛው ላይ አኖረለት።

ሌላ ሰው ቢሆን ያመሰግን ነበር። ታላቅየው ግን “ይህ ሁሉ ቸርነት ከየት መጣ?” አለ በሆዱ። “የተበላሸውን መርጦ ቢሆን ነው እንጂ! እኔን ሊያዋርደኝ!” ታናሹ መብራት ሲያስተካክል ሁለቱንም ጥቅሎች ይዞ ጨለማ ክፍል ገባ። በሩን ዘግቶ፣ በጣቶቹ ብቻ እየዳበሰ ፊልሞቹ የተጠቀለሉባቸውን ቆርቆሮዎች ክዳን ከፈተና የውስጡን ፊልም አቀያየረ። እጁ ለጨለማ የለመደ ስለሆነ አንዱንም አልጫረውም። ላዩ የባህር ማዶ፣ ውስጡ የለመደው የሰፈሩ ፊልም የሆነውን ቆርቆሮ ይዞ ወጣ።

ታናሹ ልብስ ሰፊዋን መብራቱ ፊት አስቀምጦ፣ ቀልድ ነግሮ አሳቃትና አነሳት። ታላቅየው በካሜራው ውስጥ ያለውን ያውቃል። ወደ ቢጫ የሚያደላ ፊልም ነውና ቢጫውን መጋረጃ አውርዶ ግራጫ ጨርቅ ሰቀለ፤ መብራቱን አጥፍቶ ወደ መስኮቱ አስጠጋት፤ ከዚያም ዝም ብሎ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ መጠበቁ ሲሰለቻት ካሜራውን ረስታ ከእጅጌዋ ላይ ክር መልቀም ጀመረች። ያኔ አነሳት።

ሁለቱንም አጥቦ ያተመው ራሱ ታላቅየው ነው። ሁለቱ ፎቶዎች ባንኮኒው ላይ ሲቀመጡ ልብስ ሰፊዋ ታላቅየው ያነሳትን ብድግ አደረገች። “እኔ ይቺ ነኝ” አለች። “ያቺ ለዘመድ የምትላክ ናት።” እናትየውም ብዙ አይታ ያቺኑ መረጠች። የታላቅየው ልብ በደስታ ዘለለ።

“ልጄ፣ ለካ እውነትህን ነው!” አለችው እናቱ። “ፊልሙ ነዋ! እኔ ደግሞ በከንቱ ስቆጣህ። እንግዲህ ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ በባህር ማዶው ይሥራ። የሚያስመጣው ወንድምህ ነው፤ ጠባዩንም የሚያውቀው እሱ ነው። ስለዚህ ካሜራው ጋ እሱ ይቁም። ያንተ እጅ እንደሆነ ጨለማ ክፍሉን ለምዶታል።”

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል።  “በዚሁ በእኛው ፊልም ነው ያነሳኋት” እንዳይል፣ ታላቅየው መቀያየሩን እንዴት ብሎ ያስረዳል?

እናትየው “አሳድገን መስኮቱ ላይ የምንሰቅላትን ምረጥ” ብላ ኔጋቲቮቹን ለታናሹ ሰጠችው። እሱም ወደ አምፖሉ ከፍ አደረጋቸው። ታላቅየው ያኔ ትዝ አለው። ፋብሪካው በፊልሙ ጠርዝ ላይ ስሙንና ቁጥሩን ያትማል፤ ቆርቆሮው ቢለወጥም ጠርዙ ያው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፊልም በጠርዙ ይዞ ያጠበ ሰው ይህን ረስቶት ነበር። ቅናት ጭንቅላት አያስቀርም።

ታናሹ አንዱን ጠርዝ አነበበ፤ ሌላውንም አነበበ። ወንድሙን አንዴ ቀና ብሎ አየው።

“እማዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው” አለ። “ጥቅሎቹን ሳዘጋጅ ተደባልቀውብኝ ኖሯል። ጋሼ ያነሳው በእኛው ፊልም ነው። በባህር ማዶው ያነሳሁት እኔ ነኝ። እጁ በልጦኝ ነው እንጂ ፊልሙ አይደለም።”

እናትየው ፎቶዎቹን እንደገና አየች። “በዚህ ፊልም? ይህን የመሰለ?” አለች። “እንግዲያማ ካሜራው ያንተ ነው!” አለችው ታላቅየውን። ከዚያ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ የታናሹን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ግንባሩን ሳመችው። “ተባረክ! ሌላ ቢሆን ይደብቀው ነበር። እንዳንተ ያለውን እውነተኛ ያብዛልኝ!”

ታላቅየው የፈለገውን አግኝቷል። ዝም ቢል ነገሩ በዚያው አልቆ ነበር። ግን ያ መሳም አንጀቱን አሳረረው። ካሜራው የእሱ፣ ምርቃቱ የታናሹ?

“ውሸቱን ነው!” ብሎ ጮኸ። “የምን እውነተኛ! የቀየርኩት እኔ ነኝ! ጨለማ ክፍል ገብቼ፣ በገዛ እጄ!”

ልብስ ሰፊዋ ፎቶዋን ቀስ ብላ ባንኮኒው ላይ መለሰች። እናትየው አንዴ ታላቁን፣ አንዴ ታናሹን አየች።

“ካሜራውን አልነጥቅህም” አለችው ታላቅየውን። “ፎቶህ በልጧል።”

ዞር ብላም ታናሹን እንደገና ሳመችው።