መሪጌታ ቤት የተንጣጣው ሣጥን

የሺአረግን ለማግባት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ፣ ሁለቱን ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ዘጌ ላይ የባሕረ ሐሳብ መምህር ናቸው፤ የዘመኑም፣ የጾሙም፣ የበዓሉም ስሌት ከእሳቸው እጅ አይወጣም። በሦስተኛው ጊዜ "ልጁ ምን ይሠራል?" ብለው ጠየቁ።

"ባሕር ዳር፣ ተማሪ ቤት ውስጥ የቤተ ሙከራ ዕቃ ጠባቂ ነው" አሉ ሽማግሌዬ አለቃ አካሉ። ሥራዬ አነስ ቢልባቸው ጊዜ ጨመሩበት፦ "የማይታይ ነገር የሚቆጥር ሣጥን አለው።"

"እንግዲያው ይዞት ይምጣና ይቁጠርልኝ።"

ጊዜው ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ነው። የተማሪ ቤታችን ሩሲያዊ መምህር "ውኃ እንዳይነካው" ብሎ ሣጥኑን አዋሰኝ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ተቀብዬ ከአለቃ ጋር በጀልባ ተሻገርሁ። ሣጥኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ፣ ውኃውን እያየሁ፣ ዘጌ እስክንደርስ ሠርጌን በሐሳቤ ሦስት ጊዜ ደገስሁ።

መሪጌታ ግቢያቸው ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሣጥኑን ከፈትሁት። ጠ... ጠ... አለ።

"ምን አየ?"

"ከአፈሩም፣ ከድንጋዩም፣ ከሰማይም የሚመጣ ጨረር ነው። ጥቂት ስለሆነ አያሰጋም። ሙዝ ውስጥም አለ። እርስዎም ውስጥ አለ።"

"እኔ ውስጥ? የንስሐ አባቴ ሳያውቅ?"

አለቃ በክርናቸው ጎሸሙኝ።

መሪጌታ የምድጃ አመድ በሰፌድ አስመጡ። ሣጥኑ ፈጠን አለ። "እንጨቱ ከአፈር የሳበው ፖታሲየም የሚባል ነገር ነው፤ ሲነድ አመዱ ላይ ይቀራል" አልሁ። ቀጥለው ቁጥሩ በጨለማ የሚያበራውን አሮጌ የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው አቀረቡለት። ሣጥኑ ምጣድ ላይ እንዳለ ፈንድሻ ተንጣጣ።

"ቁጥሮቹ የተቀቡት በራዲየም ነው። አይክፈቱት፤ ዱቄቱ አፍ እንዳይገባ።"

"እስከ መቼ ይንጣጣል?"

"በአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ግማሹ ያልቃል። በሌላ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት የቀረው ይገመሳል። እንዲህ እየተገመሰ ይሄዳል።"

መሪጌታ ጣታቸውን አጠፍ ዘርጋ እያደረጉ አሰሉ። ስሌት ደስ ይላቸዋል። "አመዱስ?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ።

"ግማሹ እስኪያልቅ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት" አልሁ።

ሣጥኑ ብቻ ጠ... ይላል።

"ዓለም ከተፈጠረ ሰባት ሺህ አራት መቶ ሰባ አምስት ዓመቱ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ይህን ግማሽ ቆሞ ያየው ማን ነው? አያትህ?"

አለቃ ለመሄድ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። የሺአረግ ከበሩ ጀርባ ሆና እንደምትሰማ አውቃለሁ።

"ማንም አላየውም፣ መሪጌታ። አመዱን መዝነው፣ የዛሬውን ጠጠታ ቆጥረው አሰሉት እንጂ። እርስዎስ የዛሬ መቶ ዓመት የሚውለውን ፋሲካ በአበቅቴና በመጥቅዕ ሲያወጡ፣ መቼ ሄደው አይተውት ነው?"

የመሪጌታ ሳቅ ከሆዳቸው ተነሣ። "ይኸማ ሙያው የእኛው ነው! መነሻው ብቻ ተሳስቷል።"

"ታዲያ ልጅዎን..." አሉ አለቃ ቶሎ ብለው።

"በመነሻው ሳንስማማ እንዴት ሙሉ እፈቅዳለሁ? ግማሽ ፈቅጃለሁ። ከቀረው ግማሹን ለፋሲካ፤ ከዚያ ከተረፈው ደግሞ ግማሹን ለከርሞ ፋሲካ።"

አለቃ "እግዜር ይስጥልን" ሊሉ ሲነሡ ጋቢያቸውን ይዤ አስቀመጥኋቸው። በልቤ አሰላሁት፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ... ፀጉሬ ሸብቶም የሺአረግ ትንሽ ትቀረኛለች።

"መሪጌታ፣ ይህ እኮ አያልቅም!"

"ያስተማርኸኝ አንተ አይደለህም?"

በሩ ተከፈተ። የሺአረግ እጇ ሊጥ እንደሆነ ወጣች።

"አባባ፣ የእርስዎን ግማሽ ሰጥተዋል። ሌላው ግማሽ የእኔ ነው። እሱን ከሰጠሁት ቆየሁ።"

መሪጌታ ሁለቱን ግማሽ ሊደምሩ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። አለቃ አካሉ ግን ሌላ ስሌት ሳይመጣ ብድግ ብለው ምርቃቱን ጀምረው ነበር።