ከበርጩማው ሥር

ቱርክ ሥነ ሕይወት ተምሬ ሐይቅ ከተማ አክስቴ ሀውራ ቤት ከተመለስኩ ወዲህ አንድም ነገር አፌን ሞልቼ ተናግሬ አላውቅም። "ሊሆን ይችላል" እላለሁ። አክስቴም "ዶክተር ሊሆን ይችላል" ብላ ሰየመችኝ።

የዚያን ቀን ከዙሁር ሶላት በፊት ደጅ ላይ ለውዱእ ስትታጠብ የምትቀመጥበትን በርጩማ ላቀርብላት ሳዘነብለው ከሥሩ ሸረሪት አየሁ። ድሯ እንደ ተዘበራረቀ ክር ነው። አክስቴ ዓይኗ ደክሟል፤ በርጩማውን ሁልጊዜ ጣቶቿን ከጠርዙ ሥር አስገብታ ነው የምትጎትተው።

"አክስቴ፣ እንዳትነኪው! መርዛም ሳትሆን አትቀርም። መበለት ነው የሚሏት።"

"ባሏ ሞቶባት?"

"ትበላዋለች ይባላል።"

"አስተግፊሩላህ! እኔስ የኔን አልበላሁትም።" ኩስኩስቷን እንደያዘች ሳቀች። ልመታት ጫማዬን ሳወልቅ ግን ሳቋ ቆመ። "አንተ ሙዘይን! በዚህ ቤት ሸረሪት ተገድላ አታውቅም። ነቢያችን ከጠላት ሲሸሸጉ ዋሻው ደጃፍ ላይ ድር አድርታ የከለለቻቸው ናት።"

"ይህች ብትነድፍሽስ?"

"የምትጎዳ ከሆነች መግደል ይፈቀዳል። ናት ወይስ ሊሆን ይችላል?"

ጎንበስ ብዬ አየኋት። የማውቃት መበለት የምታብረቀርቅ ጥቁር ናት፤ ይህች ቡናማ፣ እግሮቿ ዝንጉርጉር። "አይደለችም" ብዬ መገላገል አማረኝ። ከተሳሳትኩ ግን ነገ የምትነደፈው የአክስቴ ጣት ነው። ሸረሪቷን ያለ ምክንያት ከገደልኩ ደግሞ አክስቴን ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችውን ልማድ አስፈርሻታለሁ።

የስልኬን መብራት አበራሁ። ከድሩ መሀል እንደ ጭጎጎት እሾህ ያወጡ ነጫጭ ኳሶች ተንጠልጥለዋል፤ የእንቁላል ከረጢቶቿ ናቸው። በርጩማውን ቀስ ብዬ በጎኑ አስተኛሁት። ሆዷ ሥር ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙ ሁለት ብርቱካናማ ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ታዩኝ፤ የመበለት ምልክት ነው። ጥቁሯን ብቻ ስፈልግ ቡናማ ዘመድ እንዳላት ዘንግቼ ነበር።

"ናት" አልኩ።

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ፣ ናት።"

ኩስኩስቷን አስቀምጣ ጫማውን ከእጄ ወሰደች። "በቤቴ ከሆነ በእጄ ይሁን። የት ነው ያለችው?"

የእጇን አንጓ ይዤ መራኋት። "ቢስሚላህ" ብላ መታቻት። ከረጢቶቹን በእንጨት ጠርጌ አቃጠልኳቸው።

ውዱእ አድርጋ ስትጨርስ ወደ ቤቱ በር ዞረች። "እዚያ ላይ ድር ያደራችውስ? ሁልጊዜ ሻሼን የምትነካኝ?"

ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ክቡን ድር ያወዛውዘዋል። ጠጋ ብዬ ደህና አድርጌ አየኋት።

"እሷ አትጎዳም።"

"ወላሂ?"

"ወላሂ።"

"እንግዲያው ድሯን እንዳትበጥስባት፣ አጎንብሰህ ግባ።"

አጎነበስኩ።