ዶሮዋን ያስተኛት ቢላ

ዕፀገነት ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ የሚባል ሰፈር፣ ከልጇ ከሠርክ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ ያላማረረችው ነገር የለም። ሊፍቱን ታማርራለች፤ ጎረቤት ከጎረቤት የማይጠያየቅበትን ፎቅ ታማርራለች፤ ልብስ ባሰጣች ቁጥር ጠብቆ የሚወርደውን የናይሮቢ ዝናብ ታማርራለች። እንደ ዮፍታሄ ቪዲዮ ግን ደሟን ያፈላው ነገር አልነበረም።

ዮፍታሄ ማለት ኢምባካሲ አየር ማረፊያ ካርጎ የሚሠራ፣ ጢሙን በቅባት የሚያብለጨልጭ ጎልማሳ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ዕቃ ሲያስጭን ይሰነብትና ቅዳሜ ሲደርስ ጥቁር የላስቲክ ጓንት አጥልቆ፣ የቆዳ ሽርጥ ታጥቆ ስልክ ፊት ይቆማል። ቢላውን በብረት ዘንግ ላይ ሽው፣ ሽው፣ ሽው ያደርገዋል። ወደ ላይ ወርውሮ ይቀልበዋል። ዘፈኑም ከኋላ ይደልቃል። ከዚያ ቲማቲም ላይ ሲያሳርፈው ቲማቲሙ አይቆረጥም፤ ይፈርጣል። እሱ እቴ፣ ምን ተዳው! «ጭማቂውን አያችሁልኝ? እንዲህ ነው ስል ቢላ!» ይላል።

የናይሮቢ ሐበሻ ሁሉ ተከታዩ ነው። እሱን አይቶ እቤቱ ሽው ሽው ያላደረገ፣ ቢላውንም ያላዶለዶመ የለም። ኪሊማኒ ሰፈር ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ውስጥ ሳይቀር ጥብሱ ተቆርጦ ሳይሆን ተጎትቶ የተበጠሰ መምሰል ጀምሯል።

«ኧረ እዪው!» አለች ዕፀገነት አንድ ቀን የልጇን ስልክ ዓይኗ ሥር አስጠግታ። «ይሄ ሽንኩርት ከተፈ ይባላል? አስፈራራው እንጂ!»

«እማዬ ተዪው፣ ኮንቴንት ነው» አለች ሠርክ።

«እኔ ኮንቴንት የሚባል ወጥ ሠርቼ አላውቅም።»

ማንበብ መጻፍ አትችልም፤ የድምፅ መልእክት የሚላክበትን ቦታ ግን ጣቷ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ተጫነችው። «ስማ አንተ ጓንታሙ! ቢላ እንደ ጎራዴ አይወዛወዝም። እኔ የሳልኩት ቢላ እሱ ይቅርና ጥላው ይቆርጣል። እኔ ቢላ የሳልኩበት ቤት ዝንብ እንኳ ዙሪያዋን አይታ ነው የምታርፈው!» ብላ የጽዋ ማኅበሯ ሴቶች ግሩፕ ውስጥ ለቀቀችው። ጀንበር ሳትጠልቅ ኢምባካሲ ደርሶ ዮፍታሄ ጆሮ ገባ።

ዮፍታሄ ደግሞ ጨዋ ነው፤ ወይም ጨዋ መምሰል ያዋጣው ነበር። ጓንቱን አውልቆ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መልሱን በቪዲዮ ላከ። «እትዬ ዕፀገነት፣ እናታችን፣ ተግሣጽዎን ተቀብያለሁ። ቅዳሜ ሹር ቤትዎ ልምጣና ላይቭ ያስተምሩን። እርስዎ ቢላውን ይስላሉ፣ እኔ ደግሞ የበዓልዎን ዶሮ አርድልዎታለሁ።»

ሴት ዶሮ አታርድም፤ ይህ የታወቀ ነው። አገር ቤት ወንድ የሌለበት ቤት ሴቲቱ ዶሮና ቢላዋን ይዛ በሯ ላይ ትቆምና የሚያልፈውን ሁሉ «የኔ ወንድም፣ አንዴ ባርክልኝ» ትላለች። ኪሌሌሽዋ በር ላይ ብትቆም ግን የሚያልፈው መኪና ብቻ ነው። የሱቅ ሥጋ እንዳትበላ ደግሞ ማን ባርኮ እንዳረደው ያላወቀችውን አትነካም። ሠርክ ይህን ሁሉ አሰበችና፣ እናቷንም ዓለም ይይልኝ ብላ፣ ሳትጠይቃት «ደስ ይለናል» ብላ ከእልፍ ልብ ጋር መለሰችለት።

ዕፀገነት ስትሰማ ነጠላዋን ተከናንባ ክፍሏ ገባች።

በዕድሜዋ አንድም ቢላ ስላ አታውቅማ! ቢላ የሚስለው ባሏ ተክሉ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና ድንጋዩን እንኳ ለሌላ ሰው አያስነካም ነበር። እሷ አጠገቡ ቆማ «አጋድመው፣ ውኃ ጨምርበት፣ ኧረ ቀስ!» ስትል ነው የኖረችው። ስታዝ ስታዝ እሷው የሳለችው እየመሰላት ሄደ። ሰው ፊት እንዲህ ከተናገሩ ወዲያ ደግሞ መመለስ የለም። ለሠርግ ሽንኩርት ሲከተፍ ተጠርታ «ይሄ ወፈረ» የምትለው እሷ ናት። ክርስትና ላይ ድስት ከፍታ አፍንጫዋን ከነፋች የባለቤቲቱን እራት የሚበላ የለም። ናይሮቢ ውስጥ ያላት ይኼው ስሟ ነው፤ እሱ ከሄደ የሠርክ እናት ተብላ ሊፍት ስትጠብቅ የምትውል አንዲት አሮጊት ናት።

ቅዳሜ ሹር ረፋዱ ላይ ወርዳ፣ አከራዩ በአበባ መደቡ ዙሪያ ለጌጥ ከደረደራቸው ድንጋዮች የሚያምረውን መረጠች። ነጭና ድቡልቡል፣ እንቁላል የመሰለ ነበር። ቢላ ይስል አይስል አታውቅም፤ ማማሩን ግን አየች።

ዮፍታሄ ከነጓንቱ መጣ። ከፎቁ ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ካለው ቧንቧ ሥር ቆሙ። ሠርክ ስልኩን ደገነች። ቀይዋ ዶሮ ካርቶን ውስጥ ሆና አንገቷን ብቅ አድርጋለች። የግቢው ዘበኛ ዋፉላ ጨዋታ ያለ መስሎት ወንበሩን ይዞ መጣ።

«ላይቭ ነን» አለች ሠርክ። «ሰዉ እየጎረፈ ነው፣ እማዬ!»

ዕፀገነት ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ድንጋዩ ላይ ውኃ አፈሰሰች። «ቢላ» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ሰባኪ ከፍ ብሎ፣ «ክብር ይፈልጋል። አይወዛወዝም። አይወረወርም።» ከዚያ ማሸት ጀመረች። ቢላው ድቡልቡሉ ድንጋይ ላይ እየተንሸራተተ አንዴ በጀርባው፣ አንዴ በጎኑ፣ አንዴም መያዣው ሳይቀር ታሸ። እሷ ግን ፊቷ ፍጹም ቁም ነገር ነበር። ስልኩ ላይ ልብ ይዘንባል። አንዷ «እንዲህ ያለ ጥበብ እኮ እየጠፋ ነው» ብላ ጻፈች፤ ሠርክ ጮክ ብላ አነበበችው።

«እየጠፋ ነው!» አለች ዕፀገነት፤ እዚህ ላይ እውነት ተናገረች።

ዮፍታሄ ቢላውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ዶሮዋን ከካርቶን አወጣ። ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቁጢጥ አለ። «በስመ አብ» አለ። እስከዚህ ድረስ ያማረ ነበር። ከዚያ ቢላውን አንገቷ ላይ አሳረፈና አስኬደው። ቢላው ላባዋን እንደ ማበጠሪያ አበጥሮላት በዚያ በኩል ወጣ። መለሰው። ዶሮዋ አንገቷን ዘረጋችለት። ሦስተኛ ሲያስኬደው ዓይኗን ጨፈነች፤ ደስ ብሏት!

«ምነው?» አለች ሠርክ ከስልኩ ኋላ።

«የእትዬን ቢላ... እጄ ስላልለመደው ይሆናል» አለ ዮፍታሄ። ላብ ጢሙ ላይ ወርዷል። የራሱን ቢላ ከቀበቶው መዘዘ፤ ያንን በየቪዲዮው ሽው የሚለውን። አስኬደው። ዶሮዋ ጭራሽ ጭኑ ላይ ተደላድላ ተኛች።

ዋፉላ ሳቁን መቋቋም አቃተው። «ሾሾ» አለ፤ አሮጊት ሁሉ ለእሱ ሾሾ ናት፣ «ለእኔ ስጪኝ፤ አሁን ልጨርሳት።»

«ሂድ ወዲያ!» አለችው ዕፀገነት። «ትናንት በስቅለት ምድር በሩ ላይ ስሞኪ የምትሉትን ቋሊማ ስትውጥ ያላየሁህ መስሎሃል?»

ዮፍታሄ ወደ ዕፀገነት ጆሮ ጠጋ አለ። ሹክሹክታው የሕፃን ነበር። «እትዬ፣ ይማሩኝ፤ አርጄ አላውቅም። ደም ሳይ ያዞረኛል። ቢላውም ቆርጦ አያውቅም።»

አሁን «ስሙልኝ፣ ምን እንደሚል!» ብትል አለቀለት። ጓንቱም፣ ጢሙም፣ ሽው ሽውታውም ከዚያ ቀን አያልፍም። አፏም ለዚሁ ተከፍቶ ነበር። ግን ዓይኑ የእሷ ቢላ ላይ ነበር፤ አውራ ጣቱን ስለቱ ላይ ተጭኖ ይዞታል፤ ጣቱ ላይ ምልክት እንኳ የለም። እሷም አየችው፤ እሱም እንዳየችው አየ።

ዕፀገነት ከመቀመጫዋ ተነሥታ ዶሮዋን ከጭኑ ላይ ነጠቀችው።

«ቁም!» አለች። «አንተ ልጅ፣ እጅህ የተባረከ ነው፤ ቢላው አልታዘዝ ያለህ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ዶሮዋ ታማለች! ፈንግል ይዟታል! ጤነኛ ዶሮ ቢላ አንገቷ ላይ ሆኖ ትተኛለች?»

«እኔም... ጠርጥሬ ነበር» አለ ዮፍታሄ፤ ነፍሱ ተመለሰች።

«እማዬ፣ ሰዎች እየጠየቁ ነው» አለች ሠርክ። «ፈንግል በምን ይታወቃል እያሉ ነው።»

ዕፀገነት ዶሮዋን ፊት ለፊቷ አቅንታ ያዘቻት። ዶሮዋም እንደ ዶሮ ወግ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ በአንድ ዓይኗ አየቻት።

«ይኸው!» አለች ዕፀገነት። «ፊት ለፊት አታይም። በአንድ ዓይኗ ብቻ የምታይ ዶሮ ጤነኛ አይደለችም። አበቃ።»

ላይቩ ተዘጋ። ዶሮዋን ዋፉላ «እኔ እቀብራታለሁ» ብሎ በክብር ተሸክሟት ሄደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁ። ከኪሊማኒ ይደወላል፣ ከኢምባካሲ ይደወላል። አንዱ ዶሮውን ስልኩ ፊት ይዞ ያሳያታል፣ ሌላዋ እያለቀሰች «እትዬ፣ በግራ ዓይኗ ነው የምታየኝ፣ በቀኟ ስታይ ደግሞ ግራዋ አያይም!» ትላለች። ዕፀገነት ምን ታድርግ? አንዷን ጤነኛ ናት ብትል ያችኛዋስ ሊሏት ነው። «አትብሉ» አለች። ለሁሉም አለች። አንድ ጤነኛ ዶሮ ናይሮቢ ውስጥ ጠፋ።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ሠርክ መሶቡን አቀረበች። ሽሮ ነበር። ቅቤ ጣል ቢደረግበትም ሽሮ ሽሮ ነው። በግቢው ውስጥ የዶሮ ሽታ የሚመጣው ከዘበኛው ቤት ብቻ ነበር።

«ዋፉላ በልቷት ምንም አልሆነም እኮ፣ እማዬ።»

«ፈንግል የሚበረታው ጾም የሰነበተ ሆድ ላይ ነው» አለች ዕፀገነት ሳታቅማማ። ሠርክ ሽሮውን ወደ እናቷ ገፋ አደረገችላት።

ረፋድ ላይ ዕፀገነት ደጅ ወርዳ ቆመች፤ ስንጥር ጥርሷ ውስጥ ሰክታ። እንኳን አደረሰሽ ለማለት የመጣው ሐበሻ ሁሉ ስንጥር ጥርሱ ውስጥ ነበር። «በላችሁ?» «ኧረ ጠገብን! እትዬስ?» «ኧረ እኔስ ሆዴን ቁንጣን ይዞታል።» ማንም የምን ወጥ እንደሆነ አልጠየቀም። ዝንቦች እንኳ ባዶ ስንጥር መሆኑን አውቀው አልመጡም።

በመጨረሻ ዮፍታሄ መጣ፣ ጓንት የለው፣ ሽርጥ የለው። ስንጥሩን ከጥርሱ ሳያወጣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ።

«እንኳን አደረሰዎ፣ እትዬ። ዶሮው እንዴት ነበር?»

«ግሩም። የአንተስ?»

«ጣቴን ነው የቆረጠምኩት።»

ሆዱ ጮኸ። ጮክ ብሎ፣ እንደ ማታቱ ታክሲ ጥሩምባ። ዕፀገነት ግራ ቀኝ አየች፤ የሚሰማ የለም። ስንጥሯን አውጥታ ወረወረችው።

«ና ግባ፣ አንተ ቀጣፊ» አለችው ክንዱን ይዛ። ወደ ፎቁም ቀና ብላ ጮኸች፦ «ሠርክ! እንግዳ መጥቷል፣ መስኮቱን ዝጊና የቀረውን አሙቂው!»