ዘግይቶ የገባው ድምፅ

ስቱዲዮዬ መስኮት የለውም። ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ፣ በሩ እንደ ካዝና የከበደ አንድ ክፍል ነው። ሠላሳ ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ጠቦኝ አያውቅም። በዚያ ሳምንት ግን ታላቅ እህቴና ባሏ ከኋላዬ ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ወደ ሚክሰሩ ዞሬ ስሠራ፣ አየሩ ሁሉ ያለቀ መሰለኝ። ሦስት ጊዜ ተነሥቼ በሩን ከፈትኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ እህቴ «ዝጋው፣ ድምፅ ይወጣል» አለችኝ።

የእህቴ ባል መብረቁ ነው። ጊታር ለሚወድ ሰው ከዚህ በላይ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ለማይወድ ደግሞ፣ በዘመኑ እሱ መድረክ ላይ ሲወጣ ጎረምሳው ሁሉ በባዶ እጁ አየሩን ይከረክር ነበር። የዚያን ጊዜ ሌላው ጀግና ጎርናናው ነው፤ ድምፁ ጠጠር የተሞላ ጣሳ የመሰለ፣ ግን ሲዘፍን ሰው የሚያስለቅስ። ሁለቱም የየራሳቸው የሮክ ባንድ፣ የየራሳቸው ደጋፊ ነበራቸው። እሳትና ጭድ ናቸው ሲባሉ ኖረው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ መድረክ ላይ አብረው ወጡ። ስታዲየም ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝቡ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ። ድምፁን የመራሁት፣ የቀዳሁት፣ በኋላም አልበም አድርጌ ያቀናበርኩት እኔ ነኝ።

አልበሙ ወጣ፤ ወጥቶም ወደቀ። «ሁለት ሰው በአንድ መድረክ፣ ሁለት ኮንሰርት» ብለው ተሳለቁበት። ትንሽ ቆይቶ ጣት ሁሉ ወደ አንድ ሰው ተቀሰረ። ጎርናናው በየዘፈኑ ዘግይቶ ይገባል። ማይኩን ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ጊታሩ አልፎት ይሄዳል፣ እሱ ከኋላ ይደርሳል። ሰክሮ ነበር ተባለ። አንድ ጋዜጠኛ እዚሁ ስቱዲዮ መጥቶ «እውነት ሰክሮ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት። በማግስቱ «የድምፅ ባለሙያው እንኳ ሊያስተባብል አልቻለም» ብሎ አወጣው። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል፤ እኔ በሦስት ቃል ሰበርኩ። ከዚያ ወዲህ ጎርናናውን የጠራ መድረክ የለም። አሁን ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞረ ፒያኖ ይቃኛል።

ምን አውቃለሁ ማለቴ ደግሞ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሰውየው ጨጓራውን ስለሚያመው መጠጥ በአፉ አይዞርም፤ ያን ቀን የጠጣው ወተት ነው፣ የቀዳሁለትም እኔ። ማን እንዳጠፋም አውቅ ነበር። የመብረቁ ጆሮ ሄዶ ነበር።

ከኮንሰርቱ ሁለት ወር በፊት እህቴ ቤቷ ጠርታኝ፣ የኩሽናውን በር ዘጋችና የቧንቧውን ውሃ ለቀቀችው፣ ሠራተኛዋ እንዳትሰማ። «ማሙሽ፣ አይሰማም» አለችኝ። አሁን ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ ማሙሽ ነው የምትለኝ። «ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮናል። ይሄ ነገር ከወጣ አለቀለት። ጊታሩን ከቀሙት እኔ ቤት የሚቀረው ሬሳ ነው። በእማዬ ማልልኝ።»

ማልኩ። ከእግሩ ሥር ትልቅ ስፒከር ቀበርኩለት፣ ቤዙን በጫማው እንዲያውቀው፤ ድራመሩንም በዓይኑ እንዲከተል ፊት ለፊቱ አደረግኩለት። ዘዴው ጥሩ ነበር፣ ዘፈኑ እስከሞቀ ድረስ። ቀዝቀዝ ብሎ ቤዙ ሲቆም ግን ሰውየው ይጠፋዋል። ባንዱ ገና እዚያው እያለ እሱ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሮጣል። ይህን ሦስታችን እናውቅ ነበር፤ እሱ፣ እህቴና እኔ። ጎርናናው ሰካራም ሲባል ሦስታችንም ዝም ብለን በላን፣ ጠጣን፣ ተኛን።

ዘንድሮ አንዲት ወጣት ሃያሲ ተነሥታ «ይህ አልበም ተበድሏል» ብላ ጻፈች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ ልስቅባት ነበር፤ ሳነበው ግን ልጅቷ ጆሮ አላት። ሌላው ትርምስ ያለውን እሷ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንዱ ሌላውን ሲፈልግ ብላ ሰማችው። «መብረቁ ያን ቀን ከሁሉም ቀድሞ ነበር» ትላለች። እውነቷን ነው፣ በሁለት ምት ቀድሞ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ አለች፦ «የሚያሳዝነው በስካር የዘገየው ድምፅ ነው። ዛሬ ባለው መሣሪያ ቢስተካከል አልበሙ የሚገባውን ክብር ያገኛል።» ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አሳታሚው ደወለልኝ። የጎርናናውን ድምፅ ከዘገየበት እየቆረጥኩ ወደ ፊት ስቤ ከጊታሩ ጋር እንዳገጥመው፣ መብረቁም እያዳመጠ እንዲያጸድቅ ፈለገ። ሐሙስ ሃያሲዋ ትሰማለች፤ ጎርናናው ደግሞ ድምፁ እንዲነካ መስማማቱን ይፈርማል።

እምቢ ብል ለምን እባላለሁ፤ ምክንያቱን ብናገር መሐላዬን በላሁ። እሺ ብል ደግሞ የሰውየውን ስካር በገዛ እጄ አስተካክዬ፣ አሳምሬ፣ ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ አደረግኩት ማለት ነው። አሰብኩ፣ አሰብኩና እሺ አልኩ። ፈሪ ነኝ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም፣ ሌላው ነው የሚያሳፍረኝ።

ረቡዕ ዕለት ድምፁን ለመሳብ የጎርናናውን ቻናል ከመጀመሪያው ቅጂ ከፈትኩት። እዚህ ላይ የሙያችንን አንድ ልማድ መናገር አለብኝ። እኔን ያሠለጠነኝ ሰው በኩርኩም ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ዘፋኝ በማይዘፍንበት ጊዜ ማይኩን ዝጋ። ሳሉ፣ ትንፋሹ፣ የልብሱ ኮሽታ ሥራ ያቆሽሻል። ስለዚህ በኮንሰርቱ ዕለት አንዱ ስንኝ ሲያልቅ እዘጋለሁ፣ ሌላው ሲጀምር እከፍታለሁ፤ መቅጃው ግን ከእኔ መዝጊያ በፊት ስለተሰካ ሁሉን ይቀዳ ነበር። አልበሙን ስሠራም በስንኞቹ መካከል ያለውን ሁሉ፣ ሳልሰማ፣ ከላይ እስከ ታች ቆርጬ ጣልኩት። በንጽሕናዬ እኮራ ነበር።

አሁን ሄድፎኔን አጥልቄ ያልተቆረጠውን ሰማሁ። መጀመሪያ ትንፋሽ። ከዚያ ሳል። ከዚያ የጎርናናው ድምፅ፣ ከማይኩ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሳይዘፍን፣ ለድራመሩ፦

«አይሰማውም። እኔን ተዉኝ፣ እሱን ተከተሉት።»

መልሼ ከፈትኩት፤ ያው ነው። ወደሚቀጥለው ዘፈን አለፍኩ። «ቀስ… አትረብሹት… አሁን ገባ፣ አብራችሁት ግቡ።» ስድስተኛው ላይ ለድራመሩ አይደለም የሚያወራው፤ «ቀና በል ወንድሜ፣ አንዴ ቀና በልና እየኝ» ይላል። ከጎርናናው ማይክ ወደ ድራመሩ ጆሮ የሚሄደው መስመር በእኔ እጅ አያልፍም ነበር፤ ድራመሩ ሰምቶ ታዞ ነበር፣ ዝም እንዳለም ሞተ። እኔ ብቻ፣ ድምፅ መስማት ሥራዬ የሆነው ሰውዬ፣ አልሰማሁም።

ሰውየው አልዘገየም። ቆሞ እየጠበቀ ነበር። በስንት ሺህ ሰው ፊት ቃል የጠፋበት መስሎ እየታየ፣ ጓደኛው መንገዱን እስኪያገኝ ይጠብቅ ነበር። ሰከረ ሲሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ነፃ ይወጣ ነበር። አልተናገረም።

«ምነው ማሙሽ? ላብ በላብ ሆንክ» አለች እህቴ።

«ሙቀቱ ነው።»

መብረቁ ከጎኗ ተቀምጦ፣ ሚክሰሩ ላይ የሚወጡ የሚወርዱትን መብራቶች እያየ ራሱን ይነቀንቃል። ሙዚቃ የሚያዳምጠው እንዲያ ነው። ሰው ሲያወራው ፈገግ ይላል፣ መልሱን እህቴ ትሰጣለች። አገር ሁሉ ትሑት ነው ይለዋል።

እህቴን ወደ ኮሪደሩ ጠራኋትና ነገርኳት። ግድግዳውን ተደገፈች።

«ካወቀና ዝም ካለ አንተ ምን አገባህ?» አለችኝ ቀስ ብላ። «እሱ የተወውን አንተ ምን ቤት ነህ?»

«እትዬ፣ ሰውየው እኮ በቁሙ ተቀበረ።»

«እኔስ?» አለችኝ። «ስልኩን የማነሣ እኔ፣ ለሰው የምመልስ እኔ፣ እንዳይጋለጥ አጠገቡ የምቆም እኔ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ከቤት ርቄ አድሬ አውቃለሁ? የእማዬ ቀብር ላይ እንኳ አልቅሼ ሳልጨርስ ለቀስተኛው እንዳያናግረው ሮጬ ተመለስኩ። አሁን ልትገልጠው ነው? እንደዘጋኸው ዝጋው።»

አንጀቴን በላችው። ተመልሼ ገባሁና ዘጋሁት። ድምፁንም ስቤ ከጊታሩ ጋር አገጠምኩት፤ ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት፣ ይሄም ያናድደኛል።

ሐሙስ ከሰዓት ሃያሲዋ መጣች። ቀጠን ያለች፣ ጨዋ ልጅ ናት፤ መብረቁን ስታይ ከወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። ጎርናናው ከእሷ በኋላ ደረሰ፣ በታጠበ ኮት፣ የፒያኖ መቃኛ ቦርሳውን በብብቱ ይዞ። ሁላችንንም ስሞ ጥጉ ላይ ያለችውን ወንበር መረጠ። መብረቁ ፈገግ አለለት፤ እሱም ራሱን ዝቅ አደረገለት። በሩ ተዘጋ፤ የተስተካከለውን አልበም ከፈትኩ።

እንከን አልነበረውም። ጎርናናው በሰዓቱ ይገባል፣ በሰዓቱ ይወጣል። ሃያሲዋ ሲያልቅ ዓይኗን ጠረገች። «አሁን ፍትሕ አገኘ» አለች።

«ያምራል» አለ ጎርናናው። «የት ጋ ነው የምፈርመው?»

ሃያሲዋ ከአሳታሚው ይዛ የመጣችውን ወረቀት ሰጠችው። መነጽር ስላልያዘ ራሷ አነበበችለት፦ «በዕለቱ በነበረብኝ ጉድለት ምክንያት የዘገየው ድምፄ እንዲታረም ተስማምቻለሁ።» ከዚያ ልጅቷ፣ ደግነቷ ገፍቷት፣ ትከሻውን ነካ አደረገችውና «አይዞዎት ጋሼ፣ ስንቱ ትልቅ ሰው መጠጥ ጥሎት ተነሥቷል» አለችው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ልጅ» አላት፤ እስክሪብቶውንም ተቀበላት።

ምስጋናው ነው ያቃተኝ። ቢቆጣ፣ ቢክድ፣ ዝም ቢል እችለው ነበር። ያልተቆረጠውን ቅጂ አወጣሁ፣ ከበሮውን ዘጋሁ፣ ቤዙን ዘጋሁ፣ ጊታሩን ዘጋሁ፣ የጎርናናውን ማይክ ብቻ ትቼ ትልልቆቹን ስፒከሮች ከፈትኩ።

«አይሰማውም» አለ የያኔው ጎርናናው፣ ክፍሉን ሞልቶ። «እኔን ተዉኝ፣ እሱን ተከተሉት።»

«ማሙሽ!» አለች እህቴ።

«ማንን ነው የሚለው?» አለች ሃያሲዋ። «ማነው የማይሰማው?»

ስፒከሩ «ቀስ… አትረብሹት…» እያለ ነው። ሚክሰሩ ላይ አንዲት መብራት ብቻ ትወጣለች ትወርዳለች፤ መብረቁም እሷን እያየ ራሱን ነቀነቀ፣ በእግሩ ምት መታ፣ ከዚያ ሁሉም ዝም ማለቱን አይቶ የሆነ ነገር መናገር እንዳለበት ገባው መሰለኝ፣ ወደ ልጅቷ ዞሮ ፈገግ አለላት።

«ይቺን ቦታ ሁሌም እወዳታለሁ» አላት። «ጊታሩ ሲገባ ስሙት።»

ከስፒከሩ ጊታር የሚባል አይወጣም ነበር። ሃያሲዋ እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ጎርናናውን አየች፤ ፊቷ ቀስ በቀስ ደም እየሸሸው ሄደ። እህቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ስፒከሩን አጠፋሁት፣ ግን ለመብረቁ ለውጥ አልነበረውም፤ የሁላችንንም ፊት አንድ በአንድ እየፈተሸ ነበር፣ ፈገግታውም እያነሰ እያነሰ መጣ።

ጎርናናው እስክሪብቶውን ሳይፈርም ወረቀቱ ላይ አኖረው። ወንበሩን ጎትቶ መጣና ጉልበቱ ጉልበቱን እስኪነካ ቀርቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«ያን ቀን እየጠበቅኩህ ነበር» አለው።

እህቴ እጇን ከፊቷ አንሥታ፣ ስለ ባሏ ልትመልስ አፏን ከፈተች። መብረቁ መዳፉን ዘርግቶ አስቆማት። ጎርናናውን ረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ከአፉ ያልሰማሁትን ቃል፣ ሃያሲዋ እዚያው ቆማ እየሰማች፣ ተናገረ።

«አልሰማሁም» አለው። «ወንድሜ፣ አልሰማሁም። ድገምልኝ።»