ጣሪያ የነካው ፍራሽ

ፍራሽ አዳሹ ሚስቱን ያገባ ጊዜ ያስተኛት ጆንያ ላይ ነበር። በማግስቱ ጎኗን እያሻሸች፣ «አይ አንተ! የሰው ፍራሽ ታድሳለህ፣ የኔን ጎን ታፈርሳለህ» ብላ ሳቀች። ለቀልድ ነው። እሱ ግን ቀልዱን እንደ አጥንት ዋጠው፤ አልወርድ አለው።

ከዚያ ወዲያ የሰው ፍራሽ ፈትቶ ጥጡን በዘንግ እየነረተ ሲያሳብጥ፣ አንድ አንድ እፍኝ ወደ ከረጢቱ ይሰዳል። የተነረተ ጥጥ እንደ ጉረኛ ሰው ነው፤ ትንሹ ብዙ ይመስላል። ባለቤቱም «እሰይ፣ እንዴት ተነፋ!» ብሎ መርቆት ይሄዳል። መጀመሪያ ከባለ ፎቁ ወሰደ። «እሱ ምን ይጎድልበታል?» አለ። ቀጥሎ ከጎረቤት። ሲቆይ ከሕመምተኛም ዘገነ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ!

በዘገነው ጥጥ ለሚስቱ የሰፋው ፍራሽ አበጠ። ለመውጣት ወንበር አስፈለገ፤ ከዚያ መሰላል። የጣሪያዋ ሸረሪት እንኳ ቦታ ጠቧት ቤት ለቀቀች።

«ኧረ ይብቃን ሰውዬ! ስታንኮራፋ ቆርቆሮውን ልትነቅለው ነው» ትለዋለች ሚስቱ።

«ትንሽ ነው የቀረው።»

አንድ ቀን አልጋ ላይ የዋሉት አማቱ ፍራሻቸውን ላኩለት፤ «ጎኔ ቆስሏልና አለስልስልኝ ልጄ» ብለው። ጥጡ መሀል ቀይ ክር ነበረበት፤ ጥጥ ቢያንሳቸው የልጃቸውን የልጅነት ሹራብ ተርትረው ጨምረውበታል። አዳሹ አላየም። እጁ ለምዷልና ዘገነ፤ ደግሞም ዘገነ።

ሚስቱ እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ፣ ከጎናቸው ስር እጇን ብትሰድ ጣውላ ነካች። ቤት ተመልሳ፣ መሰላሉን ወጥታ ስፌቱን ተረተረችው። ቀይ ክር።

«ይሄ የኔ ሹራብ ነው።»

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው...»

«የእናቴን ጎን ነው ያነጠፍክልኝ?»

ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወጣች።

እሱም ፍራሹን ሙሉ በሙሉ ፈታው። ለየባለቤቱ ሊመልስ አስቦ ነበር፤ ጥጥ ግን ሁሉም ነጭ ነው፣ የማን እንደሆነ አይናገርም። ቀዩን ብቻ ለቅሞ በፌስታል ይዞ አማቱ ቤት ሄደ። ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ፌስታሉን ተቀበለችው።

«እማዬ ተኝታለች» አለች። ዘጋችው።

ሲመለስ የፈታው ጥጥ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ ሞልቶ መግቢያ አሳጣው። የጥንቱን ጆንያ ከጥጡ ስር ስቦ ደጃፉ ላይ አነጠፈ፤ ከጎኑ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትቶ ጋደም አለ። መሬቱ ጎኑን ወጋው። እያሻሸ፣ የሚስቅበት ሰው ጠበቀ።