ሹፌር ለእረፍት ሲወጣ

አልጋና ኩሽና ባለው መኪና የሰው አገር ለመዞር ያሰባችሁ ሁሉ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቁ። ማነው የሚነዳው? እኛ ቤት ይህን የጠየቀ የለም። እኔ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ተገኝቷል።

ዓመቱን ሙሉ ስነዳ ከርሜ የእረፍት ፈቃድ ያገኘሁ ዕለት የተመኘሁት ሶፋ ላይ መጋደም ብቻ ነበር። ባለቤቴ ግን የስፌት መኪናዋን ወደ ጥግ ገፍታ፣ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግታ ጠበቀችኝ። ፊቷ በርቷል። «ተከራይቼዋለሁ! ቤት ከነጎማው!» አለችኝ። ያን ፊት እያየሁ «ደክሞኛል» ለማለት የሚጨክን አንጀት የለኝም። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዋጥኩት።

ከዚያ ይሉኝታ ገባበት። እናቷን ትታ መሄድ አልሆነላትም፤ እናት ከሄዱ ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ይከፋዋል። ለእያንዳንዱ ደስ የሚለው ቦታ ተመረጠለት። ለአማቴ ፍል ውሃ፣ ለወንድሟ ፏፏቴና የድሮ መርከብ፣ ለራሷ የጨርቅ ገበያ። አንዱንም መሰረዝ ነውር ሆነና መንገዳችን የተተረተረ ሹራብ መሰለ።

ባሕር ተሻግረን ስንደርስ መኪናውን ያስረከበን ሰው ምስኪን፣ ደጋግሞ መክሮናል። ቁመቱን አትርሱ፣ ዝቅ ያለ ድልድይ ጣሪያውን ይገነጥለዋል። ከመነሳታችሁ በፊት ቁም ሳጥኖቹን ቀርቅሩ። የቆሸሸውን ውሃ ባገኛችሁበት ቦታ አትድፉ። በመጨረሻም «ከግማሽ ቀን በላይ አትንዱ፤ አንድ ቦታ ሁለት ሌሊት እደሩ» አለ። የባለቤቴ ወንድም ሳቀ። ጫማ ሻጭ ነው፤ የማያውቀው ነገር ስለሌለ «ኢንጂነሩ» እንለዋለን።

«ይሄ ለሌላው ነው» አለ። «ጋሼ እኮ ሹፌር ነው!»

እዚያ አገር የሚነዳው እኛ ከለመድነው በተቃራኒው በኩል ነው። አደባባይ በደረስኩ ቁጥር ትከሻዬ ይጨመደዳል። ኢንጂነሩ ከጎኔ ሆኖ ስልኩን እያየ «ግራ! አይ፣ ቀኝ!» ይለኛል። ቁም ሳጥን መቀርቀር የእሱ ሥራ ነበር፤ በመጀመሪያው ቁልቁለት ሳህኑ ሁሉ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ሲመሽ እነሱ ስላዩት ሲያወሩ እኔ ውሃ እሞላለሁ፣ የሽንት ቤቱን ማጠራቀሚያ እደፋለሁ። ፏፏቴው ጋ እንዳቆምኩ መሪው ላይ ተደፍቼ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ፎቶው ውስጥ የለሁም።

ወደ ፍል ውሃው ስንሄድ ኢንጂነሩ ኋላ አልጋው ላይ ተዘርሯል። መኪና ሲሄድ እዚያ መተኛት ክልክል ነው ብዬ ብለፈልፍ፣ ወይ ፍንክች! አማቴ በእሱ ቦታ ከጎኔ ተቀመጡ። የቀላ ዓይኔን አዩት።

«ልጄ፣ ሁላችንም የየራሳችንን መርጠናል። ያንተ ቦታ የቱ ነው?»

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«ኋላ ያለው አልጋ» አልኳቸው።

ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

«አቁም።»

«እማማ፣ ፍል ውሃው እኮ...»

«ውሃው ድሮም ፈልቷል፣ ይጠብቃል። አቁም አልኩህ!»

አንድ ነዳጅ ማደያ ጀርባ አቆምኩ። ሌጣ አስፋልትና የተደረደረ አሮጌ ጎማ ብቻ ነበር። አማቴ ኢንጂነሩን በትራስ መትተው ቀሰቀሱትና ይዘውት ወረዱ። እኔ ከነልብሴ አልጋው ላይ ወደቅሁ። ባለቤቴ መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ።»

«ደስ ያለኝማ ላንተ ብዬ ነው» አለች። «ቤት ስትገባ ዝም ትላለህ። ሳወራህ ትተኛለህ። ጓደኞችህ መጥተው የመንገድ ወሬ ሲነሳ ብቻ ነው አፍህ የሚፈታው። እኔ የሰለቸሁህ መሰለኝ። ቤቱን መንገድ ላይ ባወጣው እኔንም ታወራኝ ይሆናል ብዬ ነው።»

ይህን ሁሉ ጊዜ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና ዝምታዬን ስታይ፣ ያልተወደደች መስሏት ኖራለች። እጇን ያዝኩ። የመርፌ ጠባሳው ጣቴን ቆረቆረኝ።

«ተሳፋሪ ፊት ሹፌር አይደክመውም» አልኳት። «የምደክመው አንቺ ጋ ስደርስ ነው። ሌላ የምደክምበት ቦታ የለኝም።»

አለቀሰች። ከዚያ ትከሻዬን በቡጢ ነረተችኝ።

«ይሄን ለመስማት ባሕር መሻገር ነበረብን? ሳሎን ውስጥ ብትለኝ ምን ነበረበት!»

ጫማዋን አውልቃ ከጎኔ ገባች። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር አልጋው ይንቀጠቀጣል። ስለ አንዲት ደንበኛዋ ታወራኝ ጀመር፤ ቀሚሱ ጠበበኝ ብላ ታሰፋለች፣ ሰፋኝ ብላ ታስጠብባለች። መጨረሻውን ልሰማ ታገልኩ፤ መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። በዚያን ቀን ግን አልተቀየመችኝም።