ሁለተኛ ማርሽ

ሮሃ ፒክአፗን የምትወዳትን ያህል ትናደድባትም ነበር። ሜዳ ላይ የሚያህላት የለም፤ ዳገት ሲመጣ ግን፣ በተለይ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ብትረግጠው መኪናዋ ቆይ ላስብበት ትላለች።

«ሞተሯ ደካማ ሆኖ አይደለም» አላት ባሏ ረዳኢ። «የሚይዛት ኮምፒዩተሩ ነው። በዚህ ማርሽ ከዚህ በላይ ጉልበት አትስጥ ተብሎ ተነግሮታል። ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ቶሎ እንዳያልቁ ብለው ነው የሠሯት።»

«ታዲያ አንተ ደግሞ ስጥ በለዋ!»

ሮሃ ደሴ ተወልዳ፣ ሒሳብ ልታስተምር መቐለ መጥታ፣ እዚያው ትዳር የያዘች ሴት ናት። ረዳኢ ሰሜን ክፍለ ከተማ ካለ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኮምፒዩተር ይጠግናል። በመጪው እሑድ በውቅሮ መንገድ በኩል ባለ ኮረኮንች ዳገት ላይ የመኪና ውድድር ሊደረግ ነው። ሮሃ ማንንም ሳታማክር ተመዝግባለች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሮሃ መኪናዋን ወደ ጋራዡ አመጣችለት፤ ረዳኢ ላፕቶፑን ይዞ ውስጧ ገባ። ገመዱን ከመሪው ፊት ካለው ክሩስኮት ሥር ሰክቶ የኮምፒዩተሩን ፋይል ገለበጠ፤ ዋናውን ለክፉ ቀን አስቀመጠና በቅጂው ላይ የጉልበቱን ገደብ በየማርሹ ከፍ ከፍ አደረገው። ጨርሶ መልሶ ሲጭነው እናቱ ኣደይ ኣሰለፈች ምሳ ይዘው ደረሱ። ሊሞክሩ እንደሆነ ሲሰሙ ሳህኑን አስቀምጠው የፊተኛው ወንበር ላይ ጉብ አሉ።

«ኣደይ፣ ይውረዱ እንጂ!» አለች ሮሃ።

«ለምን ብዬ? ንጂ ጓለይ፣ ኣጆኺ! አይዞሽ ልጄ!»

ረዳኢ ከኋላ ተቀመጠና ከጋራዡ ጀርባ ያለውን ዳገት ተያያዙት። ሮሃ ገና ስትረግጠው የኋላው ጎማ ጠጠሩን እንደ በረዶ በተነው፤ መኪናዋ ቂጧን ወረወረች። መሪውን መልሳ ያዘችና ሁለተኛ አስገባች። ወንበሩ ጀርባዋን ገፋት! እልል ልትል አፏን ስትከፍት ሞተሩ ጮኸ፣ ፍጥነቱ ግን አልጨመረም፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተ።

«ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው! እግርሽን አንሺ!» ረዳኢ ከኋላ ወንበር ጮኸ።

ቆሙ። ኣደይ ኣሰለፈች ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ተጠምዝዞ ከት ከት ብለው ይስቃሉ። «ዋይ ጓለይ፣ ልትገድይኝ ነበር እኮ! ድገሚው እስቲ!»

ረዳኢ ግን ፊቱ አመድ መስሏል። «በቃ፣ ዋናውን ልመልሰው።»

«አትመልሰው!» አለች ሮሃ። «ሁሉንም በአንዴ ስለለቀቅከው ነው። አንደኛውን እንደነበረ ተወው፣ አለዚያ ጎማው መሬቱን መያዝ ያቅተዋል። ሁለተኛውን ግን ትንሽ ትንሽ እያልክ ክፈትልኝ፤ ሲንሸራተት እነግርሃለሁ።»

ፍሪሲዮኑ እስኪበርድ ምሳቸውን በሉ። ከዚያ እሱ ይጨምራል፣ እሷ ትወጣለች፣ ይመለሳሉ፤ እንደገና ይጨምራል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሮሃ ሁለተኛ አስገብታ ረገጠች፤ መኪናዋም ሳታመነታ፣ ሳትንሸራተት፣ ዳገቱን ሽቅብ ሸመጠጠችው።

«መጨመሩን እዚህ ላይ አቁም! ይቺ ናት!» ብላ መሪውን በመዳፏ ደበደበችው።

እሑድ ዳገቱ ግራና ቀኙ ሰው በሰው ሆነ። ተወዳዳሪዎቹ ተራ በተራ፣ በሰዓት እየተለኩ ይወጣሉ። ባንዲራው ሲወርድ ሮሃ አንደኛውን በእርጋታ ነዳችና ሁለተኛ አስገባች። አቧራው፣ ጩኸቱ፣ የሞተሩ ድምፅ አንድ ላይ ተደበላለቀባት። ከእሷ በፊት የወጡት ሁሉ ጉልበት ያጡበት ጠመዝማዛ መጣ፤ ጥርሷን ነክሳ ረገጠች። መኪናዋ ታዘዘችላት። ጫፍ ላይ ስትደርስ ድምፅ ማጉያው እስከዚያ ከወጡት ሁሉ ፈጣኗ እሷ መሆኗን ተናገረ። ኣደይ ኣሰለፈች እልልታቸውን ለቀቁት።

የቀረው አንድ ሰው ነበር፤ ያለፈው ዓመት አሸናፊ ኣረፋይነ። መጣ፣ በረረ፣ በሰከንድ ሽርፍራፊ ቀደማት። ሕዝቡ ወደ እሱ ሮጠ።

ሮሃ ትከፋለች ብሎ ረዳኢ ሲጠጋት መሪው ላይ ተደፍታ ትስቃለች። ኣረፋይነ ከሰዉ መሃል ሾልኮ መጣና የመኪናዋን ኮፈን መታ መታ አደረገ።

«ሁለተኛ ማርሽ ላይ ምን አድርገሽባት ነው? ከታች ሆኜ ስሰማት ልቤ ነው የጠፋው።»

ረዳኢ አፉን ሊከፍት ሲል እናቱ ቀደሙት።

«እሷ እስክትረታህ ድረስ ማንም አይነግርህም!»